«የተመረጡትን ብቻ እናነጋግራለን» ለሚሉን፦ ያልተመረጥነውም ሰዎች ነን!

ወገን፣ ይቺን ዓረፍተ ነገር በቃልህ ታውቃታለህ፦ «የተመረጡ አመልካቾችን ብቻ የምናነጋግር መሆኑን እንገልጻለን።» የማስታወቂያ ሁሉ መዝጊያ ናት። ባንኩም፣ ኮንትራክተሩም፣ ኤንጂኦውም፣ ትናንት የተከፈተው ሱፐርማርኬትም ይጽፋታል።

በትህትና የተጻፈች ትመስላለች። ወደ ተራ አማርኛ ስትመልሳት ግን እንዲህ ነው የምትለው፦ «ሲቪህን ላክ፣ ዲግሪህን ላክ፣ መታወቂያህን ላክ፣ ፎቶህን ላክ። እኛ ግን ላንተ አንድ መስመር የመጻፍ ግዴታ የለብንም።» ይሄ ነው ትርጉሙ። ለአንድ ሰው ሲባል አለመመቸት ነው። ለአንድ ትውልድ ሙሉ ዓመት ከዓመት ሲባል ግን ንቀት ነው። ንቀትን ደግሞ በስሙ መጥራት ያስፈልጋል።

እኔ በሐምሌ 2015 የመጀመሪያውን የመውጫ ፈተና ወስደው ካለፉት አንዱ ነኝ። ዲግሪዬ ሲቪል ምህንድስና ነው፣ የምኖረው ደሴ ነው። ከተመረቅኩ ጀምሮ የላክኳቸውን ማመልከቻዎች ስልኬ ላይ መዝግቤ ይዣለሁ፦ 212 ናቸው። መልስ የመጣው ከ9 ብቻ ነው። ከ9ኙ 5ቱ ደግሞ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚሉ ማሽን የላካቸው መልእክቶች ናቸው። ይሄን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የራሳችሁን ቁጥር ብትቆጥሩ ከኔ የባሰ እንደሚኖራችሁ ስለማውቅ ነው።

ማስታወቂያው መጣልን፣ ስራው ባለበት ቀረ

ታላላቆቻችን ስራ የሚፈልጉት በእግራቸው ነበር። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው፣ አጥር ስር ተቀምጠው፣ አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ላይ የወጣውን ክፍት የስራ ቦታ በእስክርቢቶ እየገለበጡ። ክፍለ ሀገር ያለው ደግሞ ጋዜጣው እጁ እስኪገባ ምዝገባው ያልቅበት ነበር።

ስለዚህ ቴሌግራሙ ሲመጣ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ብሎን ነበር። ደሴ ያለው፣ ጎንደር ያለው፣ አርባ ምንጭ ያለው፣ ጅማ ያለው፣ ቦሌ ካለው ጋር እኩል በአንድ ደቂቃ ማስታወቂያውን ያያል ተባለ። ርቀት ተሸነፈ ተባለ።

ማየቱንማ አየን። ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ። ማስታወቂያው ወደኛ መጣ፣ ስራው ግን ባለበት ቀረ።

እንዴት? በሉ አብረን እንየው። ማስታወቂያው «ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ5 ተከታታይ የስራ ቀናት» ይላል። ቻናሉ ላይ የሚለጠፈው በአራተኛው ቀን ማታ ነው። ከዚያ ዝቅ ስትል «ዋናውንና ኮፒውን በመያዝ በአካል ቀርባችሁ እንድትመዘገቡ» የሚል አለ። የት? አዲስ አበባ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወኪል አይቻልም። ኢሜይል የለም። ታዲያ ኦንላይን ያልከው ምኑን ነው? ኦንላይን የሆነው ጉጉታችን ብቻ ነው።

አንዴ አንድ ድርጅት ለጽሑፍ ፈተና ጠራኝ። ከዘመድ ተበድሬ ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቶ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ነበር። ከመቐለ የመጣ አለ፣ ከሆሳዕና የመጣች አለች፣ ልጇን አዝላ የመጣች አለች። ተፈተንን። «ውጤቱን በስልክ እናሳውቃለን» ተባልን። አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ ዝም። ስደውል ስልኩ አይነሳም። በሁለተኛው ወር ያው ማስታወቂያ፣ ያው የስራ መደብ፣ ያው ብዛት፣ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ቻናሉ ላይ ወጣ። የፈተነን ሰው ፈተናችንን አንብቦት ይሁን ጥሎት ዛሬም አላውቅም። ያቺ ልጅ ያዘለች እህት ለመመለሻ ትራንስፖርት ስትበደር ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

«ሰው ተይዞለት ለይስሙላ የወጣ ነው» ይላል ሁሉም ሰው። እያንዳንዱን ማስታወቂያ እንዲህ ነው ማለት አይቻልም። ግን ልብ በሉ፣ ወጣቱ እንዲህ የሚያስበው ወሬ ስለሚወድ አይደለም። መልስ የማይሰጥ ሰው ለሐሜት በር ከፍቶ የተቀመጠ ነው። ውጤቱን ለጥፍ፣ ያለፈውን በቁጥር አሳውቅ፣ ያኔ የሚያማህ ያጣል።

ለጀማሪነት አርጅተን፣ ለልምድ ጨቅላ ሆነን

በማስታወቂያ ዓለም ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው ያለው። አንደኛው «በተመሳሳይ የስራ ዘርፍ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ» ነው። ሁለተኛው «0 ዓመት» የሚባለው ጀማሪ ነው። ጥሩ፣ ጀማሪው እኛ ነና ብለን እንጠጋለን። እዚያ ደግሞ ሌላ መስመር ይጠብቀናል፦ «የዘንድሮና የአምና ተመራቂዎች ብቻ»።

እንግዲህ የ2015 ተመራቂ የት ይግባ? ልምድ ለማግኘት ስራ ያስፈልጋል፣ ስራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል። ጀማሪ እንዳንባል ዓመቱ አለፈብን፣ ባለሙያ እንዳንባል ያስጀመረን የለም። በሃያ አምስት ዓመታችን ደመወዝ ሳንቀምስ ጡረታ አወጡን እኮ!

አሁን ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ። የመውጫ ፈተናውን በሐምሌ 2015 ወሰድን። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ለቀናት አይደለም፣ ለወራት ነው የተዘጋው። «ትኩስ ተመራቂ» የምንባልበት ያ አንድ ዓመት፣ ማስታወቂያ የምናይበት መስኮት ተከርችሞብን አለፈ። ገመድ አልባ ኔትወርክ ያለበት ሆቴል ደጃፍ ቆመን አንድ ፒዲኤፍ ለመላክ ስንታገል የከረምን ሰዎች ነን። ትግራይ ያሉ ወንድም እህቶቻችን ደግሞ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ከኢንተርኔትም ከስልክም ከባንክም ተቆርጠው ኖረዋል። እነሱ «0 ዓመት» የሚባሉት ከየትኛው ቀን ተቆጥሮ ነው?

ቀነ ገደብ ኔትወርክ አይጠብቅም። «የዘንድሮና የአምና ተመራቂ ብቻ» ብሎ የሚጽፈው የሰው ሀብት ክፍል ምናልባት ክፋት የለበትም፣ ቢሮው ውስጥ ዋይፋይ ስላለ ብቻ ሀገሩ ሁሉ ያለው ይመስለዋል። ግን አንድ ሀገር ውስጥ አንዱ ወጣት በጦርነትና በኔትወርክ መዘጋት ያጣውን ዓመት ሌላው ቁጭ ብሎ «ጊዜው አልፎበታል» ካለው፣ ያ ወጣት ሁለቴ ነው የተቀጣው። መጀመሪያ በሆነበት ነገር፣ ቀጥሎ ስለሆነበት።

እና ደግሞ እንዳትረሱት፣ ምህንድስና የገባነው ከሰማይ ወርዶልን አይደለም። 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማህበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚለውን ፖሊሲ ያወጣው መንግስት ነው። ሀገር መሃንዲስ ትፈልጋለች ተባልን፣ ገባን። ጨርሰን ወጣን። አሁን የፈለገን ሰው ስልኩን አያነሳም።

ረሃባችን የማን ገበያ ሆነ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስራ ፍለጋው ወደ ስልክ ሲገባ ስራ አጡ እቃ ሆነ። ይሸጣል፣ ይለወጣል። እንዴት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንየው።

አንደኛ፣ ቻናሉ። አብዛኛው የስራ ቻናል ማስታወቂያውን ከጋዜጣና ከሌላ ቻናል ነው የሚገለብጠው። ርዕሱን ብቻ ይለጥፍና «ሙሉውን ለማንበብ ሊንኩን ይጫኑ» ይላል። ስትጫን ሌላ ገጽ፣ እዚያ ውስጥ ሌላ ሊንክ፣ መሀል ላይ የሚዘል ማስታወቂያ። በየጠቅታህ የገጹ ባለቤት ሳንቲም ይለቅማል። አንተ የቀኑን ፓኬጅ ጨርሰህ የምታገኘው ጊዜው ከሳምንት በፊት ያለፈበት መደብ ነው። በዚያ ላይ ከሁለት የስራ ማስታወቂያ መሀል አንድ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ይሰካልሃል። የተራበ ሰው የት እንደሚሰበሰብ ያውቃሉ፣ ወጥመዱን እዚያው ያጠምዳሉ።

ሁለተኛ፣ «ፎርም እንሞላለን» ባዩ። የማመልከቻ ድረ ገጹ በስልክ አይከፈትም፣ ስለዚህ ኢንተርኔት ቤት ትሄዳለህ። ለመሙላት ክፍያ፣ ስካን ለማድረግ ክፍያ፣ ፒዲኤፉን ለማሳነስ ክፍያ። ሰውየው ሰርቶ ነው የሚያስከፍለው፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ወጣቱ ሁሉ የያዘው ስልክ እንደሆነ እያወቀ በስልክ የማይሰራ ገጽ ከፍቶ «ኑ አመልክቱ» የሚለው ተቋም ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀበኛው። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ለስራው ተመርጠዋል። ለምዝገባና ለስልጠና ይህን ያህል ብር በዚህ ቁጥር ያስገቡ።» ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ መዝረፍ እንዴት ቀለለ! ቢሮ የለ፣ ማህተም የለ፣ አንድ ቁጥርና አንድ የተሰረቀ አርማ ብቻ። ብሩ እንደገባ ቁጥሩ ይዘጋል። የሌላው ስሪት ደግሞ «ቪዲዮ ላይክ እያደረጋችሁ በቀን ይህን ያህል ብር አግኙ» የሚለው ነው። መጀመሪያ ትንሽ ይከፍሉሃል፣ ታምናለህ። ከዚያ «ደረጃህን ለማሳደግ» አስገባ ይሉሃል። ስታስገባ ታልቃለህ።

ስለዚህ አንድ ነገር በደንብ ያዙ። የዓለም የስራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 181 አንቀጽ 7 ላይ የግል ስራና ሰራተኛ አገናኞች ከሰራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይጠይቁ በመርህ ደረጃ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አጽድቃዋለች። ማለትም እኛ ፊደል ሳንቆጥር የተፈረመ ነገር ነው። ስራ ሊሰጥህ ገንዘብ የሚጠይቅህ ሰው ስራ የለውም። ስራው አንተ ነህ።

ሰነዳችን፣ ፊታችን፣ እህቶቻችን

አስባችሁት ታውቃላችሁ? በአንድ ማመልከቻ ምን ምን እንደምንልክ? ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ዲግሪ፣ የውጤት ወረቀት፣ ፎቶ። ለማን? ብዙ ጊዜ ስሙ «ኤችአር» ብቻ ለሆነ የቴሌግራም አካውንት። እኔ 212 ጊዜ ልኬያለሁ። ያ ሁሉ ወረቀት ዛሬ በማን ስልክ ውስጥ እንዳለ የሚነግረኝ ሰው የለም። በስማችን ሲም ካርድ ቢወጣ፣ በዲግሪያችን ሌላ ሰው ቢቀጠር በምን እናውቃለን?

ሕግ የለም እንዳትሉ። በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለምን እንደሚሰበስብ እንዲናገርና እንዲጠብቀው የሚያስገድድ አዋጅ ነው። ወረቀት ላይ አለ። ቴሌግራም ላይ ግን እስካሁን አላየነውም።

በእህቶቻችን ላይ ደግሞ የሚሆነው ይብሳል። «ጸሐፊ፣ ጾታ ሴት፣ መልከ መልካም፣ ዕድሜ ከ25 የማይበልጥ፣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ ፎቶ ይላክ»። ኧረ ጉድ! ጸሐፊ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው የምትቀጥረው? የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴት በጾታዋ ምክንያት በስራ ላይ አድልዎ እንዳይደረግባት ይከለክላል። ይሄ ማስታወቂያ ግን በቀን በብርሃን፣ ብዙ ሺህ ተከታይ ባለው ቻናል ላይ ይወጣል። ፎቶዋን የላከች እህት ማታ በአራት ሰዓት «እንዴት ነሽ ቆንጆ» የሚል መልእክት ይደርሳታል። ያ ነው ቃለ መጠይቁ። እምቢ ስትል ደግሞ ያው የለመድነው ዝምታ።

መጨረሻው የት ያደርሳል?

«ምን ችግር አለው፣ ብዙ ቢሆን ጥቂት መቶ ብር ነው የሚበሉት» የሚል ካለ ይሄን ያንብብ።

በየካቲት 5 ቀን 2017 ማይናማር ድንበር ላይ አንድ የታጠቀ ቡድን ከማጭበርበሪያ ካምፖች የወጡ 260 ሰዎችን ለታይላንድ ጦር አስረከበ። ሰዎቹ ከብዙ ሀገር የመጡ ነበሩ። ከነሱ ውስጥ ግን 138ቱ፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው፣ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

እነዚህ ልጆች እንዴት እዚያ ደረሱ? እንደ ባህር ተሻጋሪው በሌሊት በእግር አልሄዱም። በአውሮፕላን ነው የሄዱት። ወደዚያ ካምፕ የሚያስገባው የተለመደ በር የስራ ማስታወቂያ ነው፦ ታይላንድ ውስጥ የኮምፒውተር ስራ፣ የደንበኞች አገልግሎት፣ ጥሩ ደመወዝ፣ እንግሊዝኛ የሚችል። ልብ በሉ፣ ይሄ ማስታወቂያ የሚፈልገው ያልተማረውን አይደለም። ኮምፒውተር የሚነካውን፣ እንግሊዝኛ የሚጽፈውን፣ ዲግሪ ይዞ የተቀመጠውን ነው። እኛን ነው! ከባንኮክ በመኪና ድንበር ያሻግሩታል፣ ፓስፖርቱን ይነጥቁታል፣ ከዚያ ሌላውን ሰው በኢንተርኔት እንዲያጭበረብር ያስገድዱታል። ያልታዘዘ ይደበደባል። ከካምፕ የወጡ ሰዎች በኤሌክትሪክ መገረፋቸውን ተናግረዋል።

አንድ ወጣት ሀገሩ ላይ ሁለት መቶ ጊዜ አንኳኩቶ አንድም በር ካልከፈተለት፣ ወዲያው «ና» ያለውን ማመኑ ይገርማል እንዴ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እዚህ ያለው ዝምታና እዚያ ያለው ካምፕ የማይገናኙ ነገሮች አይደሉም። ዝምታው ነው ልጆቻችንን ለአጥማጁ የሚያደልበው።

«ስራ ፍጠሩ» ለሚሉን

ይሄ ጽሑፍ ሲወጣ ከስር ምን እንደሚጻፍ አውቃለሁ። «ወጣቱ ሰነፍ ነው»፣ «ስራ አይናቅም»፣ «ስራ ፈጣሪ ሁኑ እንጂ ምን ታለቅሳላችሁ»።

እሺ፣ መልስ እንስጥ። ስራ አልናቅንም። ከኛ ባች ኮብልስቶን ያነጠፈ አለ፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ሰው ቤት ብሎኬት የሚደረድር አለ። እኔም ባገኘሁት ቀን የቀን ስራ እሰራለሁ፣ አላፍርበትም። የሚያሳፍረው ለአምስት ዓመት ሀገር ገንዘብ አፍስሳ ያስተማረችውን ሰው ሲሚንቶ ብቻ ማሸከሟ ነው።

ስራ ፈጠራም ሞክረናል። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተባለ። ያኔ ልጆች ነበርን፣ በጉጉት ነው ያደግነው። ዛሬ ብድር ስንጠይቅ «ዋስ አምጡ፣ መሬት አምጡ፣ ካርታ አምጡ» እንባላለን። ካርታ ያለው ሰው መቼ ስራ አጣ? በሐምሌ 2016 ደግሞ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ተጀመረ። ጥሩ ነገር ነው፣ አልነቅፍም፣ ኮርሱን ወስጄ ሰርተፍኬቱም አለኝ። ግን ኮድ የሚጻፈው በኮምፒውተር ነው፣ እኔ ያለኝ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። ሰርተፍኬት በሰርተፍኬት ላይ ደረብን፣ የሚቀረን ግድግዳ ማጣት ብቻ ነው።

ይሄ ልመና እንዳይመስላችሁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግስት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 6 መንግስት ለስራ አጦችና ለችግረኞች የስራ ዕድል የሚፈጥር ፖሊሲ እንዲከተል ግዴታ ይጥልበታል። በ2014 ደግሞ የስራና ክህሎት ሚኒስቴር የሚባል ራሱን የቻለ መስሪያ ቤት ተቋቁሟል። ስለዚህ እየጠየቅን ያለነው በጎ ፈቃድ አይደለም። በሕግ የተጻፈልንን ነው።

ቀጣሪዎች ደግሞ «ለአንድ ቦታ ሺህ ሰው ሲያመለክት ለሁሉም እንዴት ይመለሳል?» ይላሉ። እንዴ! «ማመልከቻዎ ደርሶናል» ብሎ ለሺህ ሰው በሰከንድ የላከው ማሽን «አልተመረጡም፣ እናመሰግናለን» ብሎ መላክ ያቅተዋል? ያው ማሽን እኮ ነው! የማሽኑ አቅም አልጎደለም፣ የጎደለው ለሰው ያላችሁ ክብር ነው። «አይሆንም» የሚል መልስ ቢያምም ያሳርፋል። ሰውየው ተስፋውን አንስቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። አውቆ የተኛን ግን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ምን እንጠይቃለን?

ጩኸት ብቻ አይደለም ያለን። ጥያቄያችን ግልጽ ነው፣ አንዱም ቢሊዮን ብር አያስወጣም።

1. መልስ ይሰጠን። ያመለከተ ሁሉ አለፈም ወደቀም በጽሑፍ ይነገረው። የተፈተነ ውጤቱን ይወቅ።

2. ደመወዙ ይጻፍ። «በስምምነት» እና «በድርጅቱ ስኬል መሰረት» የሚባለው ይቅር። ለምን እንደምንሄድ ሳናውቅ 400 ኪሎ ሜትር አንሂድ።

3. «የዘንድሮና የአምና ተመራቂ ብቻ» የሚለው ይነሳ። ቢያንስ ጦርነትና የኔትወርክ መዘጋት ባለፈባቸው አካባቢዎች ያሉ ተመራቂዎች የጠፋባቸው ዓመት እንዳይቆጠርባቸው።

4. ኦንላይን ያላችሁትን ኦንላይን አድርጉት። ምዝገባው በስልክ ይስራ፣ የጽሑፍ ፈተናው በየክልል ከተማው ይሰጥ። የመውጫ ፈተናውን በየዩኒቨርሲቲው በኮምፒውተር የሰጠች ሀገር ይሄን አትችልም የሚል ማን ነው?

5. የመታወቂያና የዲግሪ ኮፒ የሚጠየቀው ካለፍን በኋላ ይሁን፣ በአዋጁ መሰረትም ይጠበቅ። ሙሉ ቁመት ፎቶ ብሎ ነገር ጭራሽ ይቅር።

6. ከስራ ፈላጊ ብር የሚቀበል ቻናልና ኤጀንሲ ይጠየቅ። ቁጥሩ አለ፣ የገባበት አካውንት አለ፣ ባለቤቱ በመታወቂያ የተመዘገበ ነው። መያዝ ካልተፈለገ በስተቀር የማይያዝበት ምክንያት የለም።

እኛስ?

ጎበዝ፣ ሌላውን ብቻ ጠይቀን አንቀመጥም። የኛን ድርሻ እኛ እንወጣ።

ያላጣራነውን ማስታወቂያ ሼር አናድርግ። ድርጅቱ ስም፣ አድራሻ፣ የሚነሳ ስልክ ከሌለው ለጓደኛህ አትላክለት። ለደግነት ብለህ የላክኸው ሊንክ ጓደኛህን ማስበያ ሊሆን ይችላል።

ብር ከተጠየቅክ ቁጥሩን ስክሪንሾት አንስተህ ይዘህ ለፖሊስ አመልክት፣ ለጓደኞችህም ተናገር። መበላትን አንፈር፣ ማፈር ያለበት የበላው ነው።

መታወቂያ ስትልክ ኮፒው ላይ «ለዚህ ድርጅት ማመልከቻ ብቻ» ብለህ ቀኑን ጻፍበት። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን በሌላ ቦታ እንዳይጠቀሙበት ታከብድባቸዋለች።

ውጭ ሀገር የኮምፒውተር ስራ ያለህ ሰው ቪዛው የቱሪስት ከሆነ፣ ቲኬቱን እሱ ከቆረጠልህና «ዝም በል፣ ለማንም አትናገር» ካለህ፣ ለሁሉም ተናገር። ለእናትህ ጀምር።

ከኛ መሀል ስራ ያገኘህ ደግሞ አትጥፋ። ውስጥ ያለው ቦታ እውነት ይሁን ውሸት ለውጭው የምትነግረው አንተ ነህ። ነገ አለቃ ስትሆን፣ የሰው ሀብት ክፍል ወንበር ላይ ስትቀመጥ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር የመጻፍ ወይም ያለመጻፍ ስልጣን ባንተ እጅ ይሆናል። ያን ቀን አስታውሰን።

ሀገር ማለት ካርታና ባንዲራ ብቻ አይደለም። ልጇ ሲጠራት «አቤት» የምትል ናት ሀገር። ሁለት መቶ ጊዜ የተጣራ ወጣት ሁለት መቶ አንደኛውን ሌላ ሀገር ሄዶ እንዲጣራ አታድርጉት። አቤት በሉ። አይሆንም ለማለትም ቢሆን አቤት በሉ።

አሁን የናንተ ተራ ነው። ስንት ላካችሁ? ስንት መለሱላችሁ? ሁለት ቁጥር ብቻ ኮሜንት ላይ ጻፉ። ስም አያስፈልግም፣ የድርጅት ስምም አያስፈልግም። ቁጥሩ ሲደረደር ማንም «የአንድ ሰነፍ ልጅ ብሶት ነው» ሊለን አይችልም።

ያልተመረጥነው ብዙ ነን። ያልተመረጥነው ሰዎች ነን። መልስ ይገባናል!

ሼር አድርጉት፣ ለስራ ፈላጊው ብቻ ሳይሆን ለቀጣሪውም ይድረስ።